ስድስተኛዋ ከረጢትና የወርቅ አባጨጓሬ

ይድረስ ለታላቅ ወንድሜ ለኦስታፕ፣ ባለህበት፤

እንደምን ከርመሃል የናቴ ልጅ? ጤናህ እንዴት ነው? በአውሮፕላኑ ጅራት የተመታችው እግርህ መርገጥ ጀመረች ወይስ አሁንም ብርድ ሲሆን ትጠዘጥዝሃለች? ሳልህስ ለቀቀህ? የባሕር ጨው የላጠው ከንፈርህ ዳነ? እንቅልፍ ይወስድሃል? እንግሊዞቹ በዚያ ቅቤ ባልነካው ምግባቸው ጭራሽ አከሱህ ወይስ ትንሽ ሥጋ ያዝክ? ያቺስ ሙሪየል ደህና ናት? ይኸው ጠየቅኩ። እናታችን የልጅቷንም ጤና ጠይቂ ብላ አደራ ስላለችኝ ነው እንጂ በኔ ቤት ብትታመምም አልጠይቃትም ነበር።

እኔ እግዜር ይመስገን፣ ገላዬ ደህና ነው። ሆዴ ግን እርር ድብን እንዳለ ነው የከረመው። ደብዳቤህ ከደረሰኝ ወር ሊሞላው ነው፤ መልስ ያልጻፍኩልህ ጊዜ አጥቼ እንዳይመስልህ። ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስቱንም ምድጃ ውስጥ ከተትኳቸው። የመጀመሪያው “አንተ ከሃዲ” ብሎ ነበር የሚጀምረው። ሁለተኛው ከዚያ የባሰ ነበር። ሦስተኛው ላይ ስድብ አለቀብኝ። ይሄ አራተኛው ነው።

እውነቱን ላውጣው፤ ቀናሁ። በቃ። ደብዳቤያችንን የምታነቢው የሳንሱር ሠራተኛ ሆይ፣ መቀስሽን አስቀምጪው፤ እዚህ ውስጥ የጦር ምስጢር የለም፣ የቤተሰብ ገመና ነው ያለው። በምን ቀናሽ ትለኝ ይሆናል። ከሥሩ ልንገርህ፤ አንተ ደግሞ ሳታቋርጥ አንብብ፣ ማንበብ እንኳ ከኔ በላይ ተምረሃል።

ሴፕቴምበር ላይ “ጠፍቷል” የሚለው ቴሌግራም ቤት ሲደርስ አባታችን ጋሪ ጠምዶ፣ ያን ሁሉ መንገድ ነድቶ እኔ ካለሁበት የአየር ማረፊያ ድረስ መጣ። በር ላይ ቆሞ ባርኔጣውን እያሻሸ ቴሌግራሙን ሰጠኝ። “ተርፏል፣ ሆስፒታል ነው” የሚለው በሦስተኛው ቀን መጣ። በነዚያ ሦስት ቀናት ምን ስሠራ እንደነበር ታውቃለህ? ፓራሹት ሳጥፍ ነበር። አለቃችን ሂጂ አርፊ ብትለኝ እምቢ አልኩ። ያጠፍኩትን እያንዳንዱን ፓራሹት ይሄ የኦስታፕ ነው፣ ይሄም የኦስታፕ ነው እያልኩ ነው ያጠፍኩት። በሕይወቴ እንደዚያ አሳምሬ አጥፌ አላውቅም።

አሁን ወደ አባጨጓሬዋ ልምጣ። ባለፈው በጋ ጽፌልህ ነበር፣ አትክደኝም። በፓራሹት ሕይወቱ የተረፈ አብራሪ ደረቱ ላይ የሚሰካት ትንሽ የወርቅ አባጨጓሬ ይላክለታል፤ ሐሩን የሚፈትለው ትል ነውና። የተረፈው ሰው ደግሞ ፓራሹቱን ያጠፈችለትን ልጅ ከመዝገብ ላይ አስፈልጎ፣ ፊቷ ቆሞ አመስግኖ፣ እጇ ላይ አንድ ነገር ማስቀመጥ ወግ ነው። እዚህ ያለነው አጣፊዎች ሁላችንም የምናልመው ይሄንኑ ነው። እዚህ ግን ተማሪዎች ብቻ ስለሆኑ የሚበሩት እግዜር ይመስገን የሚዘል የለም፤ ስለዚህ አባጨጓሬ አይተን አናውቅም። አንተ ምን ብለህ መለስክልኝ? “ከተረፍኩ አባጨጓሬዋ ያንቺ ናት ቴክሊያ” ብለህ በገዛ እጅህ ጽፈህልኛል። ወረቀቱ አለኝ። ቀንም አለው።

ደብዳቤህ መጀመሪያ ቤት ነው የደረሰው። አባታችን ለእናታችን ካነበበላት በኋላ ወደ ሱቁ ወስዶ ለመንደሩ ሁሉ አነበበው፤ ሲቆሽሽ ጊዜ ለኔ ላከው። አንተ የጻፍከው ሁለት የጀርመን አውሮፕላን ነው አይደል? መጀመሪያ ቀን ሁለት ነበሩ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አምስት ሆኑ። አሁን ሰባት ደርሰዋል፤ አንዱን ደግሞ በሽጉጥ ነው የጣልከው። እትዬ ፓራስካ፣ የባለሱቁ ሚስት፣ አባታችንን “ጋሼ ሃሪቶን፣ ለሚቀጥለው ሳምንት ትንሽ ይቅርልን እንጂ፣ ልጅህ በርሊን ሊገባ ነው እኮ” አለችው አሉ።

እኔ ግን ያንተን ወረቀት ይዤ ቃል በቃል ነው ያነበብኩት። ቦምብ ጣዮቹን ሸኝታችሁ ስትመለሱ፣ የፈረንሳይ ጠረፍ ከኋላችሁ ሲቀር፣ ለምሳ ምን ይኖር ይሆን ብለህ ስታስብ ነበር። ይሄኛውን አምኛለሁ፣ ሌላ ነገር አስበህ አታውቅም። መሪህ ማክራይ በሬዲዮ “ከፀሐይ በኩል!” ሲል ሁለቱ ወረዱባችሁ። ወደ ግራ ተጠምዝዘህ ስትዞር ፊትህ ያለው ሁሉ ጨለመ፤ ደምህ ወደ እግርህ ወርዶ ዓይንህ መጋረጃ እንደተጋረደበት መስኮት ሆነ። ብርሃን ሲመለስልህ አንደኛው ጀርመን አፍንጫህ ሥር ነበር። ሁለት ሰከንድ ተኮስክ። ከክንፉ ላይ ስብርባሪ እየተነሳ ሲበተን አየህ። ከዚያ ምን አደረግክ? ቆመህ አየኸው! ድሮም ጥንቸል መትተህ፣ ጥንቸሏ ስትወድቅ ቆመህ እያየህ ሌላዋ ታመልጥህ ነበር፤ የዚህኛው ጓደኛ ግን የሚያመልጥ ሳይሆን መድፍ ያለው ነበር።

ሁለተኛው ከሥር መጥቶ አውሮፕላንህን ሆዱ ላይ መታው። ሞተሩ የማቀዝቀዣ ውሃውን እንደ ነጭ ጅራት ለቀቀው፣ ዘይቱ መስታወቱን ሸፈነው፣ ጫማህ እግርህ ላይ መጋል ጀመረ። ከራስህ በላይ ያለውን የመስታወት ክዳን ስትስበው አልከፈት አለ። በክርንህ መታኸው፣ አልከፈት አለ። ሁለት እጅህን አንስተህ፣ እግርህን ወንበሩ ላይ ተክለህ፣ እናታችን ብትሰማው አፍህን በሳሙና የምታጥብበትን ስድብ ተሳድበህ ስትገፋው ነው የተነቀለው። አውሮፕላኑን በጀርባው ገለበጥከውና ቀበቶህን ፈታህ። ወደቅክ። ጅራቱ እግርህን ገጨህ። ሰማይና ባሕር ቦታ ሲለዋወጡ የፓራሹቱን እጀታ ፈልገህ ሳብከው። “አንድ፣ ሁለት ልል ስል አንድ ትልቅ እጅ ማጅራቴን ይዞ አቆመኝ” ነው ያልከው።

ያቺን መስመር ሃያ ጊዜ አንብቤያታለሁ። ያ እጅ የማን እንደሆነ አውቃለሁና።

ከዚያ ያ ዝምታ። ከዚያ ባሕሩ፣ ገመዱ እግርህ ላይ ሲጠመጠም፣ የጎማ ጀልባህ አልነፋ ስትልህ፣ ከተነፋችም በኋላ ሦስት ጊዜ ስትጥልህ። አምስት ሰዓት ሙሉ በዚያ ውሃ ላይ። እጅህ ደንዝዞ ቸኮላታህን በጥርስህ ቀደድክ። እንቅልፍ እንዳይወስድህ በሴፕቴምበር የገና መዝሙር ዘመርክ፣ ያውም በኛው በዩክሬንኛ፤ የነፍስ አድን ጀልባው መርከበኞች ድምፅህን ሰምተው መጀመሪያ ጀርመን መስለሃቸው ሽጉጥ አወጡብህ። እዚህ ላይ እናታችን እያለቀሰች ሳቀች፣ ወይም እየሳቀች አለቀሰች። ትንሿ እህታችን ኦልሃ ናት የነገረችኝ።

ምን ያህል እንደምወድህ ታውቃለህ፤ ግን ይሄን ሳነብ የተሰማኝ ፍቅር ብቻ አልነበረም። ከሁለታችን መጀመሪያ የዘለለው ማን ነው? ንገረኝ! እኔ ስምንት፣ አንተ አሥራ አንድ ዓመትህ። የእናታችንን የበዓል ጠረጴዛ ልብስ አራት ማዕዘኑን ይዘን ጋጣው ጣሪያ ላይ ስንወጣ፣ አንተ ነፋሱ ይብረድ፣ ድርቆሹ ይጨመር እያልክ ስትንቀጠቀጥ እኔ ዘልዬ ነበር። ጨርቁ ተቀደደ፣ ክንዴ ተሰበረ፣ አንተ ደግሞ እላይ ቁጭ ብለህ ሳቅክ። ከዚያ አንተ ወንድ ስለሆንክ ከተማ ለትምህርት ተላክህ፤ እኔ ያ መምህር በቋንቋችን ስናገር ሰምቶኝ አፍሽ ይሸታል ቢለኝ የሰሌዳውን ማጥፊያ ግንባሩ ላይ ወርውሬ ዘጠነኛ ክፍል ላይ ትምህርት አበቃልኝ። አሁን የምትዘለው አንተ፣ የምታጥፈው እኔ። እሱም ይሁን። ላንተ የሚታጠፈውን ግን እኔ አላጥፍም።

ደብዳቤህ አምስት ገጽ ነው። ሦስቱ ስለ ውጊያው ናቸው፣ ሁለቱ ስለዚያች ስለ ሙሪየል። በምርኩዝ እያነከስክ ወደ አጣፊዎቹ ክፍል ሄድክ፤ መዝገቡ ላይ ስሟን አገኘህ፤ ጠቃጠቆ ያላት አጭር ልጅ ብቅ አለች። “ሕይወቴን በእጇ አጣጥፋ ጀርባዬ ላይ ያሰረች” አልካት። አባጨጓሬዋን ደረቷ ላይ ሰካህላት። እሑድ እሑድ ሻይ ትጠጣላችሁ። እኔን የምታነሳኝ በመጨረሻው መስመር ላይ ነው፦ “ቴክሊያም እንዲህ ያለ ሥራ ላይ ነው መሰለኝ ያለችው።” መሰለኝ! አንድ ዓመት ሙሉ እየጻፍኩልህ፣ መሰለኝ! ለዚያች ሆስፒታል ውስጥ እያሳቀች ገንፎ ታበላኝ ነበር ላልካት ለባለ ቀይ ጸጉሯ ነርስ እንኳ ከኔ የረዘመ መስመር ሰጥተሃታል።

ከዚህ በኋላ የምጽፈውን ለማንም አልጻፍኩትም። ደብዳቤህን ያነበብኩት ዲሴምበር አሥራ አራት፣ በምሳ ሰዓት፣ ሾርባዬን ሳልጨርስ ነው። ከዚያ ወደ ጠረጴዛዬ ተመለስኩ። የኛ ጠረጴዛ እንደ ሰርግ ጠረጴዛ ረጅም ነው። ሐሩን ርዝመቱን ሙሉ እንዘረጋዋለን፣ እጥፉን አንዱን ባንዱ ላይ እንደርባለን፣ እጥፉ እንዳይንሸራተት የእርሳስ ብረት የታጨቀባቸው ትንንሽ ከረጢቶች እንጭንበታለን። እነዚህ ከረጢቶች ስድስት ናቸው። ስድስቱም ሳህናቸው ላይ ተመልሰው ሳይቆጠሩ ከፓራሹቱ ጋር በሚሄደው ካርድ ላይ ስም አይፈረምም። ግድግዳው ላይ ተጽፏል፣ አለቃችን ሃምሳ አለቃ ፕሪቻርድም በየማለዳው ትደግመዋለች። ያቺ ሴት ፈገግታዋም በራሽን ነው የሚታደለው፣ ቀልድ አታውቅም።

ያን ከሰዓት አራት ፓራሹት አጠፍኩ። እጄ ያጥፋል፣ አፌ ከዚያች ከሙሪየል ጋር ይጣላል። ጠቃጠቆሽን አራግፊ አልኳት። ወንድሜን ስንት ዓመት ታውቂዋለሽ አልኳት። ሲያነጥስ ሦስት ጊዜ እንደሆነ ታውቂያለሽ አልኳት። አራቱም ካርድ ላይ ፈረምኩ፣ ስሜን እንደ ጥፊ ነው የጻፍኩት። ሊመሽ ሲል ጠረጴዛውን ስጠርግ ሳህኔ ላይ ያሉት ከረጢቶች አምስት ናቸው።

ሥሩን አየሁ። ኪሴን አየሁ። መጥረጊያ ይዤ ወለሉን ሁሉ አየሁ። አምስት ናቸው። ኦስታፕ፣ አልዋሽህም፣ የጎረቤቴ የቤሪል ሳህን እዚያው አጠገቤ ነበር፤ እሷ ጥርሷን ልትነቀል ሄዳለች። አንድ ከሷ ባነሳ የኔ ስድስት ይሞላል፣ ጠፋ የሚባለው የሷ ይሆናል። እጄ እስከ ሳህኗ ድረስ ሄዷል። ከረጢቷን ጨብጫታለሁ፣ ቅዝቃዜዋ አሁንም መዳፌ ላይ አለ። ያኔ ምን ትዝ አለኝ፤ ያቺ ሙሪየል ያንተን ያጠፈች ቀን እንደኔ በሆነ ነገር ነድዳ፣ ሳትቆጥር ፈርማ፣ አንድ ከጎረቤት አንስታ አሟልታ ቢሆንስ? ያ ትልቅ እጅ ማጅራትህን ሳይዝህ ቢቀርስ? ከረጢቷን ወርውሬ ወደ ፕሪቻርድ ሮጥኩ።

ፕሪቻርድ አልጮኸችብኝም፤ ቢሆንልኝ በጮኸችብኝ። ሦስቱ ገና መደርደሪያ ላይ ነበሩ፣ ሦስቱንም ከፈትናቸው። ከረጢቷ የለችባቸውም። አራተኛውን ክላይቭ የሚባል ከአውስትራሊያ የመጣ ተማሪ ለብሶት ከወጣ ግማሽ ሰዓት አልፎታል። ብቻውን፣ በቢጫው የመለማመጃ አውሮፕላን መገለባበጥ ሊለማመድ። በሬዲዮ ጠሩት፣ ጭርርር ከማለት በቀር መልስ የለም። ፕሪቻርድን ከረጢቷ እዚያ ውስጥ ብትሆን ምን ታደርጋለች አልኳት። ሐሩን ቀድዳ ልትወጣ ትችላለች፣ ክሮቹን ልታጠላልፍ ትችላለች፣ ምንም ላታደርግም ትችላለች አለችኝ። ሜዳው ላይ በረዶው ውስጥ ቆመን አንጋጠጥን። ውረድ የሚል ቀይ የምልክት ሮኬት ተኮሱ። ያቺ ቢጫ ነጥብ ደግሞ እላይ ትገለበጣለች፣ ትስተካከላለች፣ ደስ ብሏት። ሁለተኛ ተኮሱ። አባታችን ሴፕቴምበር ላይ በር ላይ ቆሞ ባርኔጣውን ሲያሻሽ የነበረው ትዝ አለኝ። እኔም ባርኔጣዬን እያሻሸሁ ነበር።

በሦስተኛው ሮኬት ወረደ። ማን ሞተ እያለ እየሳቀ ነው የወረደው። ፕሪቻርድ ፓራሹቱን ከጀርባው ላይ ተቀብላ ራሷ ጠረጴዛው ላይ ከፈተችው። ከረጢቷ አራተኛው እጥፍ ውስጥ፣ ዶሮ እንደጣለችው እንቁላል ቁጭ ብላለች። ክላይቭ አንስቶ በመዳፉ መዘናት። “ለዚህ ነዋ ዛሬ ሽቅብ ስወጣ የከበደኝ” አለ። ከሱ በቀር የሳቀ የለም። ማን ነው ያጠፈው ሲል እኔ ነኝ አልኩት። ፕሪቻርድ ሌላ ልጅ እንድታጥፍለት ስታዝ እጁን አነሳ፤ “አይሆንም ሃምሳ አለቃ። እሷው ታጥፈው። ከዛሬ በኋላ እንደሷ የሚቆጥር ከየት አገኛለሁ?” አለ።

ጠረጴዛው ማዶ ቆሞ እያየኝ አጠፍኩት። ስድስቱን ከረጢት ጮክ ብዬ ቆጠርኩ፣ እሱም አብሮኝ ቆጠረ፣ ስሜን ፈረምኩ። በማግስቱ ጠዋት ያንኑ ፓራሹት ለብሶ በረረ። እኔ ኩሽና ገብቼ አሥራ አራት ቀን ድንች ላጥኩ፤ ፕሪቻርድ ራስሽ መጥተሽ ባትነግሪኝ ኖሮ ድንቹ ይቅርና ዩኒፎርሙንም አታዪውም ነበር አለችኝ። አሁን ወደ ጠረጴዛዬ ተመልሻለሁ። አሁንም ግን ቀንቻለሁ። ድንች ቅናት አያወጣም፣ ሞክሬዋለሁ።

ለገናችን ዋዜማ ቤት ሄድኩ፤ የእንግሊዞቹን ገና ለቤሪል ለቅቄ ነው የኛን ቀን ያገኘሁት። ቤቱ እንደምታውቀው ነው። ድርቆሹ ጠረጴዛ ልብሱ ሥር ተነጥፏል፣ አሥራ ሁለቱ የጾም ምግብ ተደርድሯል፣ ማር የገባበት የስንዴው ንፍሮ መሃል ላይ ነው። ያ እኔ የቀደድኩት ጠረጴዛ ልብስ አሁንም ጥጋኑ ይታያል። እናታችን ለሙታን የሚሆነውን ሳህን አስቀመጠች። ላንተ ላልመጣኸው አንድ ጨመረች። ከዚያ ሦስተኛ አመጣችና ልክ ጥጋኑ ላይ አኖረችው። የማን ነው አልኩ። “የሙርካ” አለች። ሙሪየል ማለት አቅቷት ነው፤ የድመታችን ስም መሆኑን አላስታወስኳትም፣ ደስ ብሎኝ ነው የተውኩት።

ደስታዬ ግን አልቆየም። ሙት አይደለችም፣ ዘመድ አይደለችም፣ ጾማችንን አታውቀው፣ አፏን ሞልታ ቋሊማ ስትበላ ነው የምታመሸው ብዬ ጮህኩ። አባታችን ታዲያ የሷን ድርሻ እኔ እበላዋለሁ አለ፤ እናታችን ስታየው እጁን ሰበሰበ። ኦልሃ መስኮቱ ላይ ተለጥፋ የመጀመሪያዋን ኮከብ ትጠብቃለች። እኔ አላቆምኩም።

“እኔም እኮ አጥፋለሁ እማዬ! ለኔስ ማን ሳህን ያስቀምጥልኛል?”

“አንቺ ያጠፍሽላቸው ልጆች እናቶች” አለች፣ ማንኪያ እየደረደረች።

ኦስታፕ፣ እሷ ስለ ከረጢቷ ምንም አታውቅም። እኔ ግን አንዲት የአውስትራሊያ ሴት፣ መልኳን የማላውቃት፣ ሳህን ይዛ ስትቆም ታየችኝ። ወጥቼ ጋጣው ውስጥ ገባሁ። ትንሽ ቆይታ እናታችን ፎጣዋን ይዛልኝ መጣች፣ ትከሻዬ ላይ ጣል አደረገችና ላሟን እየዳበሰች ቆመች። ሁሉንም ነገርኳት። ከረጢቷን፣ የቤሪልን ሳህን፣ ሮኬቱን። ተናደሽ ነበር አለችኝ። አዎ አልኳት። በማን አለችኝ። በሱም በሷም አልኳት።

“ታዲያ እሷም ሰው ናት” አለች እናታችን። “እሷም የሚያናድዳት ቀን አለ። ያን ቀን ግን ቆጥራለች። ሳህኑ ለዚያ ለመቁጠሯ ነው።”

ኦልሃ ከቤት ኮከቧ ወጣች ብላ ስትጮህ ገባን። አባታችን ጸሎቱን አደረሰ። ንፍሮውን የማወጣው እኔ ነበርኩ፤ ለሙሪየል ሳህን መጀመሪያ አወጣሁ። ማሩን አሳንሼ ነው ያወጣሁላት፤ አንድ ማንኪያ ብቻ። እናታችን አይታኛለች። በኋላ ሰው ሳያይ አንድ ጨመርኩላት።

እና አሁን ገባኝ። አባጨጓሬዋ አይደለችም ያንገበገበችኝ፤ ለድመታችንም ብትሰጣት አይቆጨኝም። ያንገበገበኝ፣ ያንተ ጀርባ ላይ የሚታሰረው የሷ እጅ መሆኑ ነው፣ የኔ ሳይሆን። ካጠገብህ ሆኜ ላጥፍልህ አልችልም። ሐኪሞቹ በፌብሯሪ እንድበር ፈቅደውልኛል ብለህ ለአባታችን ጽፈሃል፤ እሱ ሱቁ ውስጥ ስምንተኛውን ጀርመን አዘጋጅቶ እየጠበቀህ ነው። እኔ ግን ካርዱ ላይ የማን ስም እንዳለ ሳታይ እንዳትወጣ እለምንሃለሁ። የሷ ስም ከሆነ ሂድ። በጣም እየቀናሁ ነው የምልህ፤ የሷ ስም ከሆነ ግን ሂድ።

አንድ ነገር ብቻ አደራ፣ በሞቴ። አታናዳት። እኔ አጣፊ ነኝ፤ የቀናች አጣፊ እጅ ምን እንደሚሠራ አይቻለሁ። መጣላት ከፈለግክ ስድስቱን ቆጥራ ስሟን ከፈረመች በኋላ ተጣላት። የዚያችን የባለ ቀይ ጸጉሯን ነርስ ነገር ደግሞ ጦርነቱ እስኪያልቅ ድረስ እንዳትተነፍሳት። ለኔ መንገር ይበቃሃል፤ እኔ ያንተን አላጥፍም።

ከዚህ ጋር ትንሽ ጥቅል ልኬያለሁ፣ እንዳትከፍታት፣ የሷ ናት። ጣታቸው የተቆረጠ የሱፍ ጓንት ነው፤ ብርድ እጅ ሲያደነዝዝ ሐር አይታዘዝም፣ ይሄን የምናውቅ እኛ ነን። ላንተ የጀመርኩትን ካልሲ ፈትቼ ነው የሠራሁት። አንተ በአንድ ካልሲ ትኖራለህ፤ ከሁለቱ እግሮችህ አንዱ በፋሻ ነው ያለው።

አባታችን በሁለቱም ጉንጭህ ይስምሃል፣ የጀርመኖቹን ቁጥር እንዳታስተባብልበት ይለምንሃል። እናታችን ታቅፍሃለች፤ ሳህንህ ወደ መደርደሪያ አልተመለሰችም፣ ጠረጴዛው ላይ ናት። ኦልሃ ስትመጣ አንድ የባሕር ዛጎል አምጣልኝ ትላለች፣ ያን ያህል ሰዓት ባሕር ላይ ቆይተህ ባዶ እጅህን መውጣትህ አልተዋጠላትም። እትዬ ፓራስካ እጅ ነስታሃለች። ማክራይን ለኔ ሰላም በልልኝ፤ ከኋላህ ሳይለይ ይጠብቅህ። እነዚያን የጀልባ መርከበኞችም ባገኘሃቸው ቁጥር፤ ስትዘምር ሰምተው ስላልተኮሱ ምስጋናዬን ንገርልኝ።

ሙሪየልንም። ቴክሊያ ሰላም ብላሻለች በላት። የጋጣው ጣሪያ አሁንም አለ፤ ጦርነቱ ሲያልቅ ይዘሃት ና፣ ከሦስታችን ማን ቀድሞ እንደሚዘል እናያለን።

ያንተው ቀናተኛ እህት፣
ቴክሊያ

ማኒቶባ፣ ከማረፊያው የሴቶች ሰፈር
ጃንዋሪ ፲፪ ቀን ፲፱፻፵፬